ኤክስኤኤስ ለጀማሪ፦ ዚንክ ፌራይትን ይዘን ከሚዛን እስከ ፊቲንግ

ዚንክ ፌራይት (አንድ ዚንክ፣ ሁለት አይረን፣ አራት ኦክስጅን ያለው ኦክሳይድ) ሠርታችሁ ኤክስአርዲ (ኤክስሬይ ዲፍራክሽን) አስነስታችሁ ፒኮቹ በሙሉ ስፒኔል የሚባለው የክሪስታል ስትራክቸር ላይ ቁጭ አሉ፣ አድቫይዘራችሁም ደስ አለው፣ ከዛ ዲፌንስ ላይ አንዱ ኤግዛሚነር «ዚንኩ የትኛው ሳይት ላይ ነው የተቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ኤክስአርዲው እዚህ ጋር ብዙም አያድናችሁም። ኤክስሬይን የሚበትነው ኤሌክትሮን ነው፣ አይረን 26 ኤሌክትሮን አለው ዚንክ ደግሞ 30፣ ስለዚህ ሁለቱ ለተራ ኤክስአርዲ በጣም ተቀራራቢ ናቸው፣ ማን የት እንደተቀመጠ መለየት ይከብደዋል።

ጥያቄው ደግሞ የዋዛ አይደለም። በደንብ የተቃጠለ ትልቅ ክሪስታል ዚንክ ፌራይት ኖርማል ስፒኔል ነው፣ ማለትም ዚንኩ 4 ኦክስጅን የከበበው ቴትራሄድራል ሳይት ላይ፣ አይረኑ 6 ኦክስጅን የከበበው ኦክታሄድራል ሳይት ላይ፣ እና በተለመደው የክፍል ሙቀት ማግኔት አይስበውም ማለት ይቻላል። በሶል ጄል ወይ በኮፕሪሲፒቴሽን (ሁለቱም ከፈሳሽ የሚጀመሩ አሠራሮች ናቸው) ናኖ አድርጋችሁ ስትሠሩት ግን ከዚንኩ የተወሰነው ወደ ኦክታሄድራል ይገባል፣ በምትኩ አይረን ወደ ቴትራሄድራል ይሄዳል፣ ይሄን ኢንቨርዥን ይሉታል፣ ያኔ ፓውደሩ ማግኔት ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ስለዚህ የማግኔት ዳታችሁን ለማስረዳት ሳይቱን ማወቅ የግድ ነው።

ኤክስኤኤስ፣ ማለትም ኤክስሬይ አብዞርፕሽን ስፔክትሮስኮፒ፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የኤክስሬዩን ኢነርጂ ቀስ እያላችሁ ከፍ ስታደርጉት 7112 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የአይረን ኬ ኤጅ (የአቶሙን የመጨረሻ ውስጠኛ ኤሌክትሮን ለማስወጣት የሚበቃው ኢነርጂ) ላይ መምጠጡ በአንዴ ይዘላል፣ 9659 ላይ ደግሞ የዚንክ። ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጦ እንደመጠየቅ ነው። ኤጁ ላይና ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ክፍል ዛንስ ይባላል፣ ኦክሲዴሽን ስቴቱንና የሳይቱን ቅርጽ ይነግራችኋል። ከዛ በኋላ እስከ ብዙ መቶ ኤሌክትሮን ቮልት የሚሄደው ሞገድ ሞገድ የሚለው ክፍል ኤግዛፍስ ነው፣ ከአቶሙ የወጣው ኤሌክትሮን ከጎረቤት አቶሞች ተመትቶ ሲመለስ የሚፈጠር ነው፣ ስለዚህ ርቀትና የጎረቤት ብዛት ውስጡ አለ። ሴየርስ፣ ስተርንና ላይትል በ1971 (እንደ ፈረንጆቹ) ይሄንን ሞገድ ፉሪየር ትራንስፎርም ማድረግ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ነው ነገሩ እውነተኛ የስትራክቸር መሣሪያ የሆነው። ክሪስታል መሆን አያስፈልግም፣ ብርጭቆም ይሁን ናኖ ወይ አሞርፈስ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡት

«ስትራክቸሩን ለማጥናት» የሚል ፕሮፖዛል የማሽን ጊዜ አይሰጠውም፣ መሰጠትም የለበትም። «ካልሲኔሽን ቴምፕሬቸር (ፓውደሩ የሚቃጠልበት ሙቀት) ሲጨምር ኦክታሄድራል ሳይት ላይ ያለው ዚንክ ይቀንሳል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ስንት ሳምፕል፣ የትኞቹ ኤጆች፣ ምን ዓይነት ስታንዳርድ (ስትራክቸሩ የታወቀ ማነጻጸሪያ) እንደሚያስፈልጋችሁ ጥያቄው ራሱ ይነግራችኋል። እዚህ የምትሠሩት ሥራ ሁሉ ወደ ማሽኑ ከመሄዳችሁ በፊት ማለቅ አለበት፦ ኤክስአርዲ፣ የዚንክና የአይረን ሬሾ በአይሲፒ ወይ በኤክስአርኤፍ (ሁለቱም የኤለመንት መጠን መለኪያ ናቸው)፣ የፓርቲክል መጠን። ውስጡ ትንሽ ዚንክ ኦክሳይድ ወይ ሄማታይት (አይረን ኦክሳይድ) የቀረበት ሳምፕል ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው፣ ምክንያቱም ኤክስኤኤስ የሚሰጣችሁ የሁሉንም ዚንክ አማካይ ነው፣ የትኛው ፌዝ ውስጥ እንዳለ ለይቶ አይነግራችሁም።

ደረጃ 2፦ ቢም ታይም

ማሽኑ ሲንክሮትሮን ነው፣ ኤሌክትሮን ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ ቀለበት ውስጥ ሲዞር የሚለቀውን ኤክስሬይ ነው የምንጠቀመው። አፍሪካ ውስጥ እስካሁን አንድም የለም። ለኛ ቅርቡ ዮርዳኖስ ውስጥ ከአማን ወጣ ብሎ አላን የሚባል ቦታ ያለው ሴሳሚ ነው፣ በ2017 የተመረቀ፣ ቀለበቱ ዙሪያው 133 ሜትር፣ ደስ የሚለው ደግሞ መጀመሪያ ተጠቃሚ ከተቀበሉት ቢምላይኖቹ (ከቀለበቱ ኤክስሬይ የሚቀበሉ የመለኪያ ጣቢያዎች) አንዱ የኤክስሬይ አብዞርፕሽኑ መሆኑ ነው። ከዛ ግሬኖብል ያለው ኢኤስአርኤፍ አለ 844 ሜትር ዙሪያ ያለው፣ ሌሎችም አሜሪካ ጀርመን እንግሊዝ ጃፓን አሉ። ውጤቱን ፐብሊሽ ለሚያደርግ ተመራማሪ ቢም ታይሙ (ማሽኑ ላይ የሚሰጣችሁ ጊዜ) በአብዛኛው ነጻ ነው፣ በውድድር ነው የሚሰጠው፣ የሚቆጠረውም በሺፍት ነው፣ አንድ ሺፍት 8 ሰዓት።

አንድ ምክር ብቻ፦ ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት ለቢምላይን ሳይንቲስቱ ኢሜይል ጻፉ። አትፈሩ፣ እንደውም የነሱ ሥራ ነው። ሳምፕሌ ይሄን ይሄን ይመስላል፣ በትራንስሚሽን (ኤክስሬዩ ሳምፕሉን አልፎ ሲወጣ በመለካት) ይሠራል ወይ፣ ክራዮስታት (ሳምፕል ማቀዝቀዣ) አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚመልሱላችሁ መልስ ፕሮፖዛላችሁን በግማሽ ያሻሽለዋል።

ደረጃ 3፦ ሚዛኑን ማስላት

ብዙ ዳታ የሚበላሸው ሲንክሮትሮኑ ጋ ሳይሆን እዚህ፣ ገና ሚሊግራም ስትመዝኑ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በትራንስሚሽን ስትሠሩ ኤክስሬዩ ፔሌቱን (ተጭኖ ክብ ቂጣ የሆነውን ፓውደር) ሰንጥቆ ያልፋል፣ ከፊት ያለው ዲቴክተርና ከኋላ ያለው ያነባሉ፣ የሁለቱ ሬሾ ሎጋሪዝም ነው ስፔክትረሙ። ሁለት ቁጥር ያዙ። ኤጁ ላይ ያለው ዝላይ 1 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከኤጁ በላይ ያለው ጠቅላላ አብዞርፕሽን ደግሞ ከ2.5 ባይበልጥ።

ዚንክ ፌራይት በክብደት 27 ፐርሰንት ዚንክ፣ 46 ፐርሰንት አይረን ነው፣ ቀሪው ኦክስጅን። የንጹህ ዚንክ የመምጠጥ ኮኤፊሸንት ከኤጁ በታች በግራም 35 ስኩዌር ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ልክ ኤጁን ሲያልፍ 254 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 219፣ በ0.27 ስታባዙት 59። ዝላዩ 1 እንዲሆን 1ን ለ59 ማካፈል ነው፣ 17 ሚሊግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር ይመጣል። 13 ሚሊሜትር ዳያሜትር ያለው ፔሌት 1.33 ስኩዌር ሴንቲሜትር ስፋት ስላለው 22 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። ግን ቆዩ፣ አይረኑም እዚህ ኢነርጂ ላይ አጥብቆ ይመጥጣል፣ ሁሉንም ደምራችሁ ስታሰሉ የፓውደሩ ጠቅላላ ኮኤፊሸንት 157 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ በ22 ሚሊግራም ጠቅላላው 2.5ን ያልፋል። 20 ሚሊግራም ብታደርጉት ዝላዩ 0.9፣ ጠቅላላው 2.4 ገደማ ይሆናል፣ ተገላገልን።

ለአይረን ኤጅ ያው ስሌት ነው። ከ53 ወደ 408 ይዘላል፣ ልዩነቱ በ0.46 ሲባዛ 164 ገደማ፣ ስለዚህ 6 ሚሊግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ ለፔሌቱ 8 ሚሊግራም። አያችሁ አይደል፣ አንድ ፔሌት ለሁለቱም ኤጅ አይሆንም። የዚንኩን 20 ሚሊግራም ፔሌት አይረን ኤጅ ላይ ብታስቀምጡት ጠቅላላው ከ3 ያልፋል፣ ከ100 ፎቶን 4 ገደማ ብቻ ነው ወደ ኋላ የሚደርሰው፣ ስፔክትረሙ ደህና ይመስላል ግን ፒኮቹ የተጫኑ ይሆናሉ። ስለዚህ ከያንዳንዱ ሳምፕል ሁለት ፔሌት ሥሩ፣ ላስቲኩ ላይም የትኛው የማን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ።

በእጅ ማስላት ካልፈለጋችሁ የዲሜተር ፓኬጅ ውስጥ ያለው ሄፋስተስ የሚባለው ፕሮግራም ፎርሙላውን ስታስገቡለት ያሰላላችኋል። ቢያንስ አንዴ ግን በእጃችሁ አስሉት።

8 ሚሊግራም ብቻውን ፔሌት አይሆንም፣ ይሰባበራል። በቦሮን ናይትራይድ ወይ በሴሉሎስ ቀላቅላችሁ ጠቅላላውን 100 ሚሊግራም አካባቢ አድርሱት። እነሱም ቀላል ኤለመንት ቢሆኑም ትንሽ ይመጥጣሉ፣ በተለይ አይረን ኤጅ ላይ 0.5 ያህል ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ጠቅላላው ላይ ደምሩት።

ደረጃ 4፦ መፍጨትና መጫን

የአይረን ኤጅ ላይ ዚንክ ፌራይት ውስጥ ኤክስሬይ 9 ማይክሮን ገደማ ሲሄድ ነው ወደ አንድ ሦስተኛው የሚወርደው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅንጣት ከዛ በጣም ማነስ አለበት፣ 2 ወይ 3 ማይክሮን ቢሆን ይመረጣል። ወንፊት ብቻውን እዚህ አያደርሳችሁም። «የኔ እኮ 20 ናኖሜትር ነው» የምትሉ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ክሪስታላይት ሳይዙ 20 ናኖሜትር ቢሆንም ካልሲን ሲደረግ ተጣብቆ ትልልቅ ጓል ይሆናል። አጌት ሙቀጫ ውስጥ እንደ ኩል እስኪልም ፍጩት፣ ከዛ ኢታኖል ውስጥ በትናችሁ ትልልቁ እስኪዘቅጥ ትንሽ ጠብቁና ከላይ የተንሳፈፈውን ውሰዱ፣ አድርቁት፣ ከዛ ነው የሚመዘነው።

ከቦሮን ናይትራይዱ ጋር ሌላ ሙቀጫ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ ቀላቅሉ። ለመጫን አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም፣ ለኤፍቲአይአር (የኢንፍራሬድ መለኪያ) የኬቢአር (ፖታሲየም ብሮማይድ) ፔሌት የምትሠሩበት 13 ሚሊሜትር ዳይ በቂ ነው፣ ብቻ መጀመሪያ ኬቢአሩን አጥባችሁ አጽዱት። ፔሌቱን ወደ መብራት አድርጋችሁ እዩት፣ ቀዳዳ ወይ ቀጭን ቦታ ካለው ድገሙት፣ ምክንያቱም በቀዳዳው ሳይነካ የሚያልፈው ኤክስሬይ የዝላዩን ቁመትና የሞገዱን ስፋት ያበላሸዋል፣ በኋላም በሶፍትዌር አይስተካከልም። በሁለቱም በኩል ካፕተን ቴፕ (ኤክስሬይ በቀላሉ የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቴፕ) ለጥፉበት።

ስታንዳርዶችንም በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጁ። ለቴትራሄድራል ዚንክ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ለኦክታሄድራል ዚንክ ካርቦኔት ማለትም ስሚዝሶናይት። ለአይረን ሄማታይት ለኦክታሄድራሉ፣ ለቴትራሄድራሉ ደግሞ ውሃ የሌለው በኳርትዝ ዓይነት ስትራክቸር ያለው አይረን ፎስፌት። በደንብ የተቃጠለ ዚንክ ፌራይትም ያዙ፣ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ቢምላይኑ ላይ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሞኖክሮሜተር (የፈለጋችሁትን ኢነርጂ የሚመርጥ ባለ ሁለት ክሪስታል መሣሪያ)፣ የመጀመሪያው አዮን ቻምበር (የኤክስሬይ ዲቴክተር)፣ ሳምፕላችሁ፣ ሁለተኛው አዮን ቻምበር፣ ከዛ የአይረን ወይ የዚንክ ፎይል (ኤጁ የታወቀ ቀጭን የንጹህ ሜታል ቅጠል)፣ ከዛ ሦስተኛው አዮን ቻምበር። ፎይሉን አትዝለሉት። ሞኖክሮሜተር በሰዓታት ውስጥ ሸርተት ሊል ይችላል፣ እናንተ የምታወሩት ስለ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ሽፍት ከሆነ በያንዳንዱ ስካን ላይ ፎይሉ አብሮ ካልተነሳ ማንም አያምናችሁም።

ሃርሞኒክስ የሚባለውንም ጠይቁ። ሞኖክሮሜተሩ የፈለጋችሁትን ኢነርጂ ሲያሳልፍ ሦስት እጥፉን ኢነርጂም ትንሽ ያሳልፋል፣ እሱ ደግሞ ሳምፕላችሁን ሳያየው ነው የሚያልፈው። ወይ እሱን የሚያስቀር መስታወት አለ ወይ ሁለተኛውን ክሪስታል ትንሽ አዘንብለው ኢንቴንሲቲውን 30 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሱታል።

የስካኑ አደራረግ፦ ከኤጁ 150 ወይ 200 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ጀምሩ በ5 እየዘለላችሁ፣ ከኤጁ 30 በታች እስከ 50 በላይ ድረስ በ0.3 ወይ 0.5፣ ከዛ በላይ ደግሞ በኬ ስፔስ (ይሄ ኬ የወጣው ኤሌክትሮን የሞገድ ቁጥር ነው፣ ከኬ ኤጅ ጋር አይምታታባችሁ) በ0.05 እርምጃ እስከ ኬ 12 ወይ 14። ኬን ወደ ኢነርጂ ለመቀየር ስኩዌር አድርጉና በ3.81 አባዙት፣ ስለዚህ ኬ 12 ማለት ከኤጁ 550 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በላይ ነው። እዚህ ጋር በነገራችን ላይ ማንጋኒዝ ፌራይት የምትሠሩ ሰዎች ችግር አለባችሁ፣ የማንጋኒዝ ኤጅ 6539 ላይ ነው፣ ከ573 ኤሌክትሮን ቮልት በኋላ የአይረኑ ኤጅ ይመጣና የማንጋኒዙን ኤግዛፍስ ኬ 12 አካባቢ ይቆርጠዋል።

ቢያንስ ሦስት ስካን አንሱ፣ ቶሎ ደራርባችሁ እዩዋቸው። ከተገጣጠሙ ጥሩ። ኤጁ ከስካን ስካን ወደ ታች እየሄደ ከሆነ ቢሙ ሳምፕላችሁን ሪዱስ እያደረገው ነው፣ ቦታ ቀይሩ ወይ ቢሙን ቀንሱ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ፌራይት ላይ ብዙም አያጋጥምም ኮፐር ያለበት ኮምፕሌክስ ላይ ግን የታወቀ ነው። ክራዮስታት ካላቸው በሊኩዊድ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፣ የአቶሞቹ ንዝረት ስለሚቀንስ ሩቅ ያሉት ሼሎች (የጎረቤት አቶሞች ክበቦች) በደንብ ይታያሉ።

አንድ ፈተና አለ። ቢምላይኑ ላይ ቆንጆ የፍሎረሰንስ ዲቴክተር (ሳምፕሉ መልሶ የሚለቀውን ኤክስሬይ የሚቆጥር) ታያላችሁ፣ ፔሌት ከመሥራት እሱን ልጠቀም ያሰኛል። ፍሎረሰንስ የተሠራው ለተበረዘ ሳምፕል ነው፣ ማለትም የምትፈልጉት ኤለመንት በጣም ጥቂት ሲሆን። ግማሹ አይረን የሆነ ነገር በፍሎረሰንስ ስታነሱ ሰልፍ አብዞርፕሽን የሚባለው ይመጣና ፒኮቹ ያጥራሉ፣ ከዛ የጎረቤት ብዛት አነስ ብሎ ይወጣላችሁና «ኦክስጅን ቬካንሲ (ኦክስጅን የጎደለበት ቦታ) አገኘሁ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ታትመው የወጡ ወረቀቶች ላይ የቬካንሲ ወሬ ስታነቡ መጀመሪያ በምን ሞድ እንደተነሳ እዩ።

ደረጃ 6፦ አቴና ውስጥ

የብሩስ ራቬል አቴና የሚባለው የዳታ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ብዙ ሰው የሚጀምረው በሱ ነው። የማት ኒውቪል ላርችም ጥሩ ነው በተለይ ፓይተን ለምትወዱ። መጀመሪያ ሁሉንም ስካን በፎይሉ አላይን አድርጉ፣ ከዛ መርጅ። ፕሪ ኤጅ መስመሩን ከኤጁ 150 እስከ 30 በታች፣ ኖርማላይዜሽኑን ከ150 በላይ እስከ ስካኑ መጨረሻ ገደማ አድርጉ። ወሳኙ ነገር ለሁሉም ሳምፕልና ስታንዳርድ አንድ ዓይነት ሬንጅ መጠቀም ነው፣ ለየብቻ «ቆንጆ እስኪሆን» ካስተካከላችሁ ልዩነቱ የሳምፕሉ ይሁን የናንተ እጅ አይታወቅም። አርቢኬጂ የሚለውን የባክግራውንድ ሴቲንግ 1 ላይ ተዉት፣ ኬ ዌይት 2፣ ኬ ሬንጅ ከ3 እስከ 12 በሃኒንግ ዊንዶው።

ዛንሱን ስታዩ አይረኑ ላይ 7114 አካባቢ ያለችውን ትንሽ ፕሪ ኤጅ ፒክ ፈልጉ። ኦክታሄድራል ሳይት ላይ ያለ አይረን ትንሽዬ ፒክ ነው ያለው፣ ቴትራሄድራል ላይ ግን ሳይቱ የኢንቨርዥን ሴንተር (የሲሜትሪ ማዕከል፣ ከላይ ካየነው ኢንቨርዥን ጋር አይገናኝም) ስለሌለው ፒኩ ጎላ ይላል። ስለዚህ ከናኖው ሳምፕል ላይ ይቺ ፒክ ከትልቁ ክሪስታል በልጣ ከታየች የመጀመሪያ ፍንጫችሁ ነው። ዚንክ ላይ ፕሪ ኤጅ አትፈልጉ፣ ዲ ኦርቢታሉ ሙሉ ስለሆነ የለም፣ የዋናውን ፒክ ቅርጽ ነው ከስታንዳርዶቹ ጋር የምታነጻጽሩት።

ከዛ ወደ ፉሪየር ትራንስፎርሙ። የምታዩት ፒክ ትክክለኛ ርቀት አይደለም፣ በፌዝ ሽፍት ምክንያት ከ0.3 እስከ 0.5 አንግስትሮም አጥሮ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ «ቦንዱ 1.5 ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ስፒኔል ውስጥ የላቲስ ፓራሜትሩ 8.44 አንግስትሮም ከሆነ ከቴትራሄድራል ወደ ኦክታሄድራል ያለው ርቀት 3.50 ነው፣ ከኦክታሄድራል ወደ ኦክታሄድራል ግን 2.98። ይሄ ቁጥር ወርቅ ነው። ዚንኩ በሙሉ ቴትራሄድራል ከሆነ 2.98 ላይ ምንም ጎረቤት የለውም። ትራንስፎርሙ ላይ 2.6 አካባቢ አዲስ ጉብታ ብቅ ካለ ግን የተወሰነው ዚንክ ኦክታሄድራል ሳይት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ገና ፊት ሳታደርጉ።

ደረጃ 7፦ ፊቲንግ

የስፒኔሉን ሲአይኤፍ ፋይል (የክሪስታሉ ስትራክቸር የተጻፈበት) ከክሪስታሎግራፊ ኦፕን ዳታቤዝ አውርዱና የፊቲንግ ፕሮግራሙ አርቴሚስ ውስጥ ፌፍን (ኤግዛፍሱን ከስትራክቸሩ የሚያሰላውን ፕሮግራም) አስኪዱት። ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ዚንኩን ቴትራሄድራል ላይ አንዴ ኦክታሄድራል ላይ አድርጋችሁ። ከዛ የቴትራሄድራሉን ፓዞች (ኤሌክትሮኑ ወደ ጎረቤት ሄዶ የሚመለስባቸው መንገዶች) በ1 ሲቀነስ ኤክስ፣ የኦክታሄድራሎቹን በኤክስ አባዙ፣ ኤክስ ነው የኢንቨርዥን ዲግሪያችሁ።

አምፕሊቲውድ ፋክተሩ (የሞገዱን ጠቅላላ ቁመት የሚያባዛው ቁጥር) እና የጎረቤት ብዛት አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ አንድ ላይ ነጻ ከለቀቃችኋቸው የፈለጋችሁትን ይሰጧችኋል። አምፕሊቲውዱን ከዚንክ ፎይሉ ወይ ከትልቁ ክሪስታል ፊት አድርጋችሁ አውጡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 1 መሀል ነው፣ ከዛ ቆልፉት። የፓራሜተር ብዛትም ገደብ አለው፦ የኬ ሬንጁን በአር (የርቀት) ሬንጁ አባዝታችሁ በ2 አባዝታችሁ ለፓይ አካፍሉት። ኬ ከ3 እስከ 12፣ አር ከ1 እስከ 3.8 ከሆነ 16 ይመጣል፣ ከዛ ግማሽ አካባቢ ተጠቀሙና ተዉት። ሲግማ ስኩዌር (የርቀቱ መዋዠቅ) ኔጌቲቭ ከመጣ ወይ የኢነርጂ ሽፍቱ ከ10 ኤሌክትሮን ቮልት ካለፈ አር ፋክተሩ (ፊቱ ከዳታው ምን ያህል እንደራቀ የሚነግረው ቁጥር) የቱንም ያህል ቢያምር ሞዴሉ ትክክል አይደለም። ደግሞም ዚንክና አይረን እንደ ጎረቤት ሲሆኑ ለኤግዛፍስም ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ 2.98 ላይ ያለው ጎረቤት አይረን ነው ዚንክ ብላችሁ ራሳችሁን አታድክሙ፣ የኛ ማስረጃ መሀል ላይ ያለው አቶም ማን እንደሆነ ማወቃችን ነው።

የመጨረሻው ፈተና ሁለቱን ኤጆች ማስማማት ነው። ኦክታሄድራል የገባ እያንዳንዱ ዚንክ አንድ አይረንን ወደ ቴትራሄድራል ይገፋል፣ አይረኑ ደግሞ በፎርሙላው ውስጥ ሁለት ስለሆነ ከዚንኩ 20 ፐርሰንት ኦክታሄድራል ከሆነ ከአይረኑ 10 ፐርሰንት ቴትራሄድራል መሆን አለበት። አርቴሚስ ሁለቱን ዳታ በአንድ ኤክስ አብሮ ፊት ያደርግላችኋል፣ መጀመሪያ ግን ለየብቻ አድርጉትና በኤረር ባራቸው ውስጥ ይገናኙ እንደሆነ እዩ። ካልተገናኙ ሬሾው ከ1 ለ 2 መውጣቱን ወይ የተደበቀ ዚንክ ኦክሳይድ መኖሩን ጠርጥሩ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ከሆነ የዚንክ ዚንክ ርቀቱ 3.2 አንግስትሮም ስለሆነ ከሁለቱም የስፒኔል ርቀቶች መሀል ላይ ይመጣባችኋል፣ ያኔ ወደ ኤክስአርዲያችሁ ተመልሳችሁ ረጅም ስካን አስነሱ።